ጎተራው የማን ነው? ስለ ስግብግብነትና ስለ ታማኝ መጋቢነት

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣

ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ ገንዘብ ነው። የገንዘብ ነገር በጉባኤ መካከል ሲነሣ ብዙዎቻችን ወይ መዋጮ ሊጠየቅ ነው ብለን እንሰጋለን፣ ወይም ጉዳዩ ባለ ጠጎችን እንጂ እኛን አይመለከትም ብለን ልባችንን ሌላ ቦታ እንልካለን። መዋጮ ለመጠየቅ አልመጣሁም። ርዕሱ ግን እዚህ ከተቀመጥነው መካከል አንዳችንንም አያልፍም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ስግብግብነትን የሚመዝነው አንድ ሰው ባለው ገንዘብ ልክ ሳይሆን ያ ገንዘብ የማን እንደሆነ በልቡ በሚያስበው አሳብ ነውና። ልናገር የምፈልገውም በአጭሩ ይኸው ነው፤ በእጃችን ያለው ሁሉ አደራ ነው፣ አደራ ደግሞ ሒሳብ አለው፣ ስግብግብነትም የሚጀምረው ሰው ይህን ሒሳብ የዘነጋ ዕለት ነው።

በሉቃስ ወንጌል 12ኛ ምዕራፍ ጌታችን እጅግ ከባድ ትምህርት እያስተማረ ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ሥጋን የሚገድሉትን እንዳይፈሩ፣ በሰው ፊት እንዲመሰክሩለት፣ በምኵራብና በገዢዎች ፊት ሲቀርቡ ምን እንናገራለን ብለው እንዳይጨነቁ ሲነግራቸው ሳለ፣ ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ድንገት፣ «መምህር ሆይ፥ ርስቱን ከእኔ ጋር እንዲካፈል ለወንድሜ ንገረው» አለው። ሰውየው ስለ ሕይወትና ስለ ሞት እየተነገረ በልቡ የሚመላለሰው የርስቱ ነገር ነበር። ጥያቄው ከሕግ አንጻር ምንም ነውር አልነበረበትም። በኦሪት ዘዳግም 21ኛ ምዕራፍ ለበኩሩ ሁለት እጥፍ እንዲሰጠው ቢታዘዝም የቀሩት ልጆችም ድርሻ ነበራቸው፤ ምናልባትም ይህ ሰው በእርግጥ የተበደለ ወንድም ይሆናል። ጌታ ግን ፈራጅና አካፋይ አድርጎ ማን በላያችሁ ሾመኝ ብሎ ነገሩን ከመለሰለት በኋላ ፊቱን ወደ ሁሉም አዞረና ከመጎምጀት ሁሉ እንዲጠበቁ፣ የሰው ሕይወት በገንዘቡ ብዛት እንዳልሆነ አስጠነቀቃቸው።

ማስጠንቀቂያው ርስቱን አልካፈልም ላለው ወንድም ብቻ የተነገረ አይደለም። ድርሻዬን ተቀማሁ ብሎ ለመጣውም ነው። ይህ ለብዙዎቻችን የማይመች ነገር ነው። ስግብግብ ሲባል ዓይናችን ፊት የሚመጣው ብዙ ያከማቸ ሰው ነው እንጂ ያጣ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ያላገኘውም ሊጎመጅ ይችላል፣ በትክክለኛ መብት ጥያቄ ውስጥም መጎምጀት ተደብቆ ሊቀመጥ ይችላል። በውርስ ምክንያት ከእናት ልጅ ጋር ሳይነጋገሩ ዓመታት ያስቆጠሩ ሰዎችን የምታውቁ ሁሉ የምለው ይገባችኋል። አብዛኞቹ ውሸታሞች አይደሉም፤ ሁለቱም ወገን የሚያስረዳው ማስረጃ አለው፣ ግን ወንድምነቱ ከድርሻው አንሶ ተገኝቷል።

ቀጥሎ እርሻው ስላፈራለት ባለ ጠጋ የተነገረውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ብዙ ጊዜ ስለሰማነው ግን የሚያስደነግጠው ነገር ያመልጠናል። ያ ባለ ጠጋ ሌባ አይደለም። የሰው ድንበር አልገፋም፣ በሐሰተኛ ሚዛን አልሸጠም፣ ጉቦም አልበላም። እርሻው አፈራለት እንጂ። ምርቱ ከጎተራው በላይ ሲሆንበት ሰፊ ጎተራ ለመሥራት ማሰቡም ለብቻው ሲታይ የአስተዋይ ገበሬ አሳብ ነው። ታዲያ እግዚአብሔር ሰነፍ ያለው ስለምንድን ነው? የሰውየውን ንግግር ጠጋ ብለን እናድምጠው። «ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀው ግን ራሱን ነው። መልሱንም የሚሰጠው ራሱ ነው። ውሳኔውን የሚያበሥረውም ለገዛ ነፍሱ ነው፤ ለብዙ ዘመን የሚበቃ ሀብት እንዳላትና እንድታርፍ፣ እንድትበላ፣ እንድትጠጣ፣ ደስ እንዲላት ይነግራታል። በዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ ሁለተኛ ሰው የለም። እህሉን ያጨዱለት ሠራተኞች አልተነሡም፣ ጎረቤት አልተነሣም፣ በደጁ የሚያልፍ ረኃብተኛ አልተነሣም፣ ዝናቡን የሰጠው አምላክም አልተነሣም። ከእርሱ ሌላ የሚሰማው የመጀመሪያው ድምፅ የእግዚአብሔር ነው፤ እርሱም በዚያች ሌሊት ነፍሱ እንደምትፈለግ ነግሮት፣ «ይህስ የሰበሰብኸው ለማን ይሆናል?» ሲል ይጠይቀዋል። ሰውየው የት አስቀምጠዋለሁ ብሎ አስቦ ነበር፣ እስከ መቼ ይበቃኛል ብሎም አስቦ ነበር፤ ለማን የሚለውን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀም።

ከዚህ ምሳሌ ተነሥተው ማከማቸት ራሱ ኃጢአት ነው የሚሉ አሉ። በዚህ አልስማማም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ሌላ ጎተራ ያሳየናልና። በኦሪት ዘፍጥረት 41ኛ ምዕራፍ ዮሴፍ የ30 ዓመት ሰው ሳለ በፈርዖን ፊት ቆሞ ሰባት የጥጋብ ዓመታትና ሰባት የረኃብ ዓመታት እንደሚመጡ ከተናገረ በኋላ፣ በጥጋቡ ዓመታት የምድሪቱ ፍሬ አምስተኛው እጅ እንዲሰበሰብ መከረ። ሥራውም ለእርሱ ተሰጠው። እህሉን በአንድ ቦታ አልከመረውም፤ በየከተማው ዙሪያ ካለው እርሻ የተገኘውን በዚያው ከተማ አከማቸ፤ ብዛቱም እንደ ባሕር አሸዋ ሆኖ መስፈር እስኪተው ድረስ ደረሰ። ከሉቃሱ ባለ ጠጋ ይልቅ እጅግ ብዙ ያከማቸው ዮሴፍ ነው። ይሁን እንጂ ረኃቡ በመጣ ጊዜ ጎተራዎቹ ተከፈቱ፤ ከግብፅም አልፎ ከከነዓን ለመጡት፣ በጕድጓድ ጥለው ለሸጡት ወንድሞቹ ጭምር እህል ወጣላቸው። የመጀመሪያው ጎተራ የተሠራው አንድ ሰው ከሌሎች ተለይቶ እንዲያርፍበት ነው፤ ሁለተኛው የተሠራው ክፉ ዘመን ሲመጣ ሕዝብ በሕይወት እንዲተርፍበት ነው።

ዮሴፍ ይህን ጠባይ በቤተ መንግሥት አልተማረውም። ባሪያ ሆኖ በጲጥፋራ ቤት ሳለ የጌታው ሚስት ስትጎተጉተው የሰጠው መልስ የመጋቢ መልስ ነበር፤ ጌታዬ ያለውን ሁሉ በእጄ አስረክቦኛል፣ ከአንቺ በቀር የከለከለኝ ነገር የለም አላት። በእጁ የተሰጠውንና ያልተሰጠውን ለይቶ ያውቅ ነበር። ማንም በማያየው ቤት ውስጥ ይህን ድንበር የጠበቀ ሰው የአንድ አገር እህል ቢታመን አያስደንቅም።

መጽሐፉን በደንብ የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ሊከራከረኝ ይችላል፤ ልክም ነው። በዘፍጥረት 47ኛ ምዕራፍ ረኃቡ ሲበረታ ግብፃውያን መጀመሪያ ብራቸውን፣ ቀጥሎ ከብታቸውን፣ በመጨረሻም መሬታቸውንና ራሳቸውን ለፈርዖን ሸጡ፤ ከዚያም የምርታቸውን አምስተኛ እጅ ለፈርዖን የሚገብሩ ሆኑ። ሕዝቡ ከሞት ዳነ፣ መሬቱ ግን በአንድ ሰው እጅ ገባ። ይህን ሳናይ ማለፍ የለብንም። እኔ እንደማነበው፣ በፈርዖን መሬት ላይ በባርነት የደከመው የእስራኤል ሕዝብ ከግብፅ ሲወጣ የተቀበለው ሕግ በትክክል ይህን የሚከለክል ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን 25ኛ ምዕራፍ እግዚአብሔር፣ ምድር የእኔ ናትና ለዘላለም አትሽጡአት፣ እናንተ በእኔ ዘንድ እንግዶችና መጻተኞች ናችሁ ይላቸዋል። በየ50ኛው ዓመት በኢዮቤልዩ በችግር የተሸጠ ርስት ሁሉ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ዋጋውም እስከ ኢዮቤልዩ በቀሩት ዓመታት ልክ ይተመናል። ስለዚህ አንድ እስራኤላዊ ከወንድሙ የሚገዛው መከሩን እንጂ ምድሩን አልነበረም። ንጉሡም ቢሆን፣ ካህኑም ቢሆን፣ ገበሬውም ቢሆን በዚያች ምድር ላይ ጭሰኛ ነበር፤ ባለ ርስቱ አንድ ነው።

ይህ መሠረት ከተጣለ በኋላ የቀሩት ትእዛዛት ከእርሱ ይወጣሉ። አጫጁ የእርሻውን ዳር ፈጽሞ እንዳያጭድ፣ የረሳውን ነዶ ተመልሶ እንዳይወስድ፣ የወይኑን ቃርሚያ ለድሀና ለመጻተኛ እንዲተው ታዟል። እርሻው የእርሱ ከሆነ ዳሩን ለምን ይተወዋል? እርሻው የእግዚአብሔር ከሆነ ግን ባለቤቱ ዳሩን ለሌላ ሰው መድቦታል ማለት ነው። ሩት ሞዓባዊቷ በቦዔዝ እርሻ የቃረመችው ከዚህ ዳር ነው፤ ቦዔዝም በሕጉ ብቻ ሳይወሰን ከነዶው እየመዘዙ እንዲጥሉላት፣ እንዳያሳፍሯትም አጫጆቹን አዘዘ፤ በመሸ ጊዜ የወቃችው ገብስ አንድ የኢፍ መስፈሪያ ያህል ሆነ። የቀን ሠራተኛ ደመወዝም ሳይከፈል እንዳያድር፣ ፀሐይ ሳትገባ እንዲሰጠው ታዟል፤ ኦሪት ዘዳግም 24 ምክንያቱን ሲናገር ሠራተኛው ድሀ ነውና ነፍሱ በእርሱ ላይ ተስፋ ታደርጋለች ይላል። በምድረ በዳም መና ሲሰጣቸው የተማሩት ይህንኑ ነበር፤ ብዙ የለቀመ አልተረፈውም፣ ጥቂት የለቀመም አልጎደለበትም፤ ለነገ ብለው የሸሸጉት ግን ተልቶ ሸተተ።

ስግብግብነት በሰው ልብ ውስጥ እንዴት እንደሚያድግ ለማየት ከንጉሥ አክዓብና ከናቡቴ ታሪክ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ናቡቴ በኢይዝራኤል፣ በንጉሡ ቤት አጠገብ የወይን ቦታ ነበረው። አክዓብ ለአትክልት ስለፈለገው በምትኩ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ዋጋውን በገንዘብ ሊሰጠው ጠየቀው። ከላይ ሲታይ ፍትሐዊ ግብይት ነው፤ እንዲያውም ለጋስ ይመስላል። ናቡቴ ግን የአባቶቼን ርስት እሰጥህ ዘንድ እግዚአብሔር ያርቅልኝ አለ። ይህ እልከኝነት አልነበረም፤ ምድሪቱ የእርሱ እንዳልሆነች፣ ለልጆቹ የሚያሳልፋት አደራ መሆኗን አውቆ የተናገረው ነው። እንግዲህ ንጉሡ ምን አደረገ? ወደ ቤቱ ገብቶ በአልጋው ላይ ተጋደመ፣ ፊቱን አዞረ፣ ምግብም አልቀምስም አለ። አንድ መንግሥት በሙሉ ያለው ሰው ለአንድ የአትክልት ቦታ ብሎ እንደ ሕፃን አኮረፈ። ገና ማንም አልሞተም፤ ነገር ግን ያለው ሁሉ ከዓይኑ ተሰውሮ የሌለው አንዲት ቁራሽ መሬት ብቻ ትታየው ነበር። መክብብ፣ ብርን የሚወድድ ሰው ብርን አይጠግብም ያለው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው በጣም በሥርዓት የሆነ ነገር ነው። የንጉሡ ሚስት ኤልዛቤል በስሙ ደብዳቤ ጻፈች፣ በማኅተሙ አተመች፣ ጾም አስነገረች፣ ሁለት ምናምንቴ ምስክሮች እንዲቆሙ አደረገች፤ ናቡቴ እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰድቧል ተባለና ከከተማ ውጭ በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። ማኅተሙ ትክክለኛ ነበር፣ የምስክሮቹም ቁጥር ሕጉ የሚጠይቀው ነበር፣ ጾሙም ተጾመ። የከተማይቱ ሽማግሌዎችና ሹማምንት አንዳቸውም እምቢ አላሉም። የአንድ ሰው ምኞት ከእርሱ ጋር ብቻ አይቀርም፤ ጸሐፊ፣ ምስክር፣ ዳኛና ዝም የሚል ጎረቤት ይፈልጋል፣ አብዛኛውን ጊዜም ያገኛል። አክዓብ ወይኑን ሊወርስ ሲወርድ ነቢዩ ኤልያስ በዚያው በወይኑ ቦታ ጠብቆ፣ «ገደልህ ደግሞም ወረስህን?» አለው። ሒሳቡን የሚጠይቅ ባለቤት ነበረና።

በሕዝበ እግዚአብሔር መካከልም፣ በነቢይ ቤት ሳይቀር ይህ ነገር ገብቷል። አካን በኢያሪኮ ከተከለከለው ምርኮ አንድ ያማረ የሰናዖር ካባ፣ 200 ሰቅል ብርና 50 ሰቅል የሚመዝን ወርቅ ሸሽጎ በድንኳኑ ቀበረ፤ በእርሱ ምክንያት እስራኤል በጋይ ተሸንፎ 36 ሰው ወደቀ። የነቢዩ የኤልሳዕ አገልጋይ ግያዝም፣ ነቢዩ ከለምጹ ከተፈወሰው ከሶርያዊው ንዕማን ስጦታ አልቀበልም ካለ በኋላ በስተኋላው ሮጦ፣ ጌታዬ ልኮኛል ብሎ ዋሽቶ፣ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ተቀበለ። ከሁለቱ የግያዝ ነገር የበለጠ ያሳዝነኛል። አካን የወሰደው የተከለከለ ምርኮ ነበር፤ ግያዝ ግን በነጻ የተሰጠን ፈውስ ሸጠ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ እግዚአብሔርን መምሰል ማትረፊያ የሚመስላቸው ሰዎች እንዳሉ የተናገረው ከዚህ የራቀ አይደለም። ዛሬም ይህን ያህል ብትሰጥ ያን ያህል ይመለስልሃል እያሉ ከድሀ እጅ የሚሰበስቡ ሰዎች በንዕማን ሠረገላ ኋላ እየሮጡ ናቸው፤ ይህን በግልጽ መናገር ያለብን ይመስለኛል። በማርቆስ 12 ጌታችን ሁለት ናስ የጣለችውን መበለት ከማመስገኑ በፊት፣ በዚያው ቦታ፣ ጸሎት እያስረዘሙ የመበለቶችን ቤት የሚበሉ ጻፎችን ኮንኗል። ስለዚህ የመበለቲቱን ስጦታ ለስብከት የሚያነሣ ሁሉ ከእርሱ በፊት ያለውንም ቁጥር አብሮ ሊያነብ ይገባዋል።

አሁን ወደ መጋቢነት ልምጣ። መጋቢ ማለት የሌላውን ሀብት የሚያስተዳድር፣ የሚወስን፣ የሚያወጣና የሚያገባ፣ ነገር ግን ባለቤት ያልሆነ ሰው ነው። ሐዋርያው ከመጋቢ የሚፈለገው የታመነ ሆኖ መገኘት እንደሆነ በ1ኛ ቆሮንቶስ 4 ይናገራል። ከእርሱ የሚፈለገው ብልጥነት ወይም ዝና አይደለም።

በማቴዎስ 25 የተነገረው የመክሊት ምሳሌ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ችሎታና ስለ ስጦታ ነው፤ መጀመሪያ ግን ስለ ገንዘብ ነው። አንድ መክሊት 6000 ዲናር ያህል ነው፤ አንድ ዲናር ደግሞ በማቴዎስ 20 እንደምናየው የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር። በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሰው አንድ መክሊት ለማግኘት 20 ዓመት መድከም ነበረበት። ስለዚህ ትንሽ የተሰጠው አገልጋይ እንኳ በእጁ የያዘው የአንድን ሰው ግማሽ ዕድሜ ልፋት ነው። አምስት ያተረፈውና ሁለት ያተረፈው የተመሰገኑት በአንድ ዓይነት ቃል ነው፤ ጌታው ትርፋቸውን አላወዳደረም። ሦስተኛው ደግሞ አልሰረቀም፣ አላባከነም፤ ቀበረው እንጂ። የጥፋቱ ሥር ስለ ጌታው የነበረው አሳብ ነው፤ ጨካኝ ሰው ነህ ብሎ ፈራው። ይህ ፍርሃት በብዙዎቻችን ቤት አለ። ነገ ምን ይመጣብኛል ከሚል ስጋት የተነሣ የማንሰጥ፣ የማንሠራበት፣ ለማንም የማይጠቅም ገንዘብ ቀብረን እንቀመጣለን፤ ይህንንም ጥንቃቄ ብለን እንጠራዋለን። ጥንቃቄ የዮሴፍ ጎተራ ነበር፤ ያ ግን የሚከፈትበት ቀን ነበረው።

በ4ኛው መቶ ዓመት በቀጰዶቅያ ያለችው የቂሳርያ ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ባስልዮስ በሉቃሱ ባለ ጠጋ ላይ ሲሰብክ፣ ይዘህ ያስቀመጥኸው እንጀራ የተራበው ሰው ነው፣ በሣጥን የቆለፍኸው ልብስ የታረዘው ነው በሚል መንገድ ለባለ ጠጎች ተናግሯል። በስብከት ብቻ አልቀረም፤ በቀጰዶቅያ ረኃብ በገባ ጊዜ ጎተራ ያላቸውን አስከፍቶ ድሆችን መገበ፣ ከከተማይቱ ውጭም ለችግረኞችና ለሕሙማን ማረፊያ ሠራ። ይህን ያነሣሁት ምሳሌው በታሪክ ውስጥ ሰምቶ የፈጸመው ሰው እንደነበረ ለማሳየት ነው።

ታዲያ ምን ያህል እንስጥ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ሉቃስ በ18ኛው ምዕራፍ ላይ ያለውን ሁሉ ሸጦ ለድሆች እንዲሰጥ የተነገረውን አለቃ ያሳየናል፤ እርሱም እጅግ ባለ ጠጋ ነበርና አዘነ። በ19ኛው ምዕራፍ ደግሞ የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እንደሚሰጥ፣ በሐሰት የወሰደውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ፤ ጌታም ቀሪውን ግማሽ አልጠየቀውም። ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል አለው። በሐዋርያት ሥራ 5 ጴጥሮስ ለሐናንያ፣ መሬቱ ሳይሸጥ የእርሱ እንደነበረ፣ ከተሸጠ በኋላም በሥልጣኑ እንደነበረ ይነግረዋል፤ የሞተው ሁሉን ስላልሰጠ አይደለም፣ ያስቀረውን ደብቆ ሁሉን የሰጠ መስሎ ስለታየ ነው። እኔ ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ ቁጥር ከእነዚህ ታሪኮች ማውጣት አልችልም። ነገር ግን በዘኬዎስ ላይ አንድ ነገር እናያለን፤ ስጦታውና ካሣው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሠራተኛን ደመወዝ ይዞ ምጽዋት የሚሰጥ ሰው የሰጠው የራሱን አይደለም። ያዕቆብ በመልእክቱ 5ኛ ምዕራፍ፣ እርሻችሁን ላጨዱት ሠራተኞች ያልከፈላችሁት ደመወዝ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ ገብቷል ይላል።

የመጨረሻው ጉዳይ የጋራ ገንዘብ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ማኅበር የፈረሰው በዚህ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ 12ኛ ምዕራፍ ንጉሥ ኢዮአስ የቤተ መቅደሱ ፍርስራሽ በሚገባው ገንዘብ እንዲታደስ ካህናቱን አዘዘ። እስከ 23ኛው የንግሥናው ዓመት ድረስ ግን ምንም አልታደሰም። መጽሐፉ ካህናቱ ሰረቁ አይልም። ገንዘቡ ይገባል፣ ሥራው የለም፣ የጠየቀም የለም። ንጉሡ ካህናቱን ጠርቶ ገንዘቡን ከእንግዲህ እንዳይቀበሉ ነገራቸው። ካህኑ ዮዳሄም አንድ ሣጥን ወስዶ መክደኛውን ነደለው፣ በመሠዊያውም አጠገብ በስተቀኝ አኖረው። ሣጥኑ በሞላ ጊዜ የንጉሡ ጸሐፊና ታላቁ ካህን በአንድነት መጥተው ገንዘቡን ቆጥረው በከረጢት ያስሩታል፤ ከዚያም መዝነው ለሥራው አሠሪዎች ይሰጣሉ፤ አሠሪዎቹም ለአናጢዎች፣ ለግንበኞች፣ ለድንጋይ ወቃሪዎች፣ ለእንጨትና ለጥርብ ድንጋይ ያወጡታል። ይህ ገንዘብ ለብር ዕቃ አልዋለም፤ ቤቱ ሳይጠገን ጌጥ አልተገዛበትም። ንጉሡ በካህናቱ ላይ ወታደር አላቆመም፤ አሠራሩን ግን ለወጠ። ገንዘቡ ሁሉ በሚያየው ቦታ እንዲገባ፣ ሁለት ሰዎች ከሁለት ወገን ሆነው እንዲቆጥሩት፣ የተሰጠውም ለታቀደው ሥራ እንዲውል አደረገ። በእንዲህ ያለ አሠራር ውስጥ ታማኙ ከሐሜት ይድናል፣ ደካማውም ከፈተና ይድናል። ሒሳብ ሲጠየቅ፣ አታምኑኝም ወይ ብሎ የሚቆጣ ገንዘብ ያዥ ነገሩ አልገባውም ማለት ነው፤ ሒሳብ መስጠት የመጋቢ ክብሩ ነው።

ጳውሎስም እንዲሁ አደረገ። በመቄዶንያና በአካይያ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በኢየሩሳሌም ላሉት ድሆች ገንዘብ ሲሰበስብ፣ መቄዶንያውያን በብዙ ድህነት ሳሉ ከዐቅማቸው በላይ ሰጡ። ይህን ያህል የተከበረ ሐዋርያ ገንዘቡን ብቻውን መያዝ ይችል ነበር፤ ማንም አይጠይቀውም ነበር። እርሱ ግን አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም ከቲቶ ጋር አብሮ እንዲሄድ አደረገ፤ ምክንያቱንም በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ሲጽፍ፣ ስለዚህ ለጋስ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እናስባለን አለ። ጌታ ያውቃል ማለት አልበቃውም። ወደዚያ ጉዞ ሲነሣም በሐዋርያት ሥራ 20 እንደተዘረዘረው ከቤርያ፣ ከተሰሎንቄ፣ ከደርቤና ከእስያ የመጡ ወንድሞች አብረውት ነበሩ።

በኢየሩሳሌም ተይዞ ወደ ቂሳርያ ከተወሰደ በኋላ በአገረ ገዢው በፊልክስ ፊት ቆሞ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ለሕዝቤ ምጽዋት ላመጣ መጣሁ ብሎ ተናገረ። ፊልክስም ሰምቶታል። በኋላ ከሚስቱ ከድሩሲላ ጋር አስጠርቶት ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛትና ስለሚመጣው ኵነኔ ሲነግረው ፈራ፤ ሲመቸኝ እጠራሃለሁ ብሎም አሰናበተው። ደግሞም ብዙ ጊዜ ያስጠራው ነበር፤ ሉቃስ ምክንያቱን ሳይሸሽግ ሲጽፍ ጳውሎስ ገንዘብ እንዲሰጠው ተስፋ ያደርግ ነበር ይላል። የድሆች ገንዘብ በእጁ ያለፈ ሐዋርያ ለነጻነቱ የሚከፍለው ጉቦ አልነበረውም፣ ቢኖረውም የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ፊልክስ ሁለት ዓመት ጠበቀ፤ ጶርቅዮስ ፊስጦስም በተተካው ጊዜ ጳውሎስን እንደታሰረ ትቶት ሄደ።